የኮርማው ዘር ስንት ቤት ይቆጠራል?

እኛ ዘንድ ልጅ ሲታጭ ሽማግሌዎች ዘር ይቆጥራሉ። እስከ ሰባት ቤት። የአያቱ አያት ከወዴት መጣ፣ በእናቱ በኩልስ እነማን ናቸው ተብሎ ይጠየቃል፤ በሰባቱ ቤት ውስጥ ደም ከተገናኘ ነገሩ እዚያው ላይ ይቀራል። ኮርማውን ግን ማን ይቆጥረዋል? ከወረታ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ አንድ መልካም የፎገራ ኮርማ ካለ፣ ቁመናው ያማረ፣ እናቱም ወተታም የነበረች ከሆነ፣ የጎረቤት ላም ሁሉ ወደ እሱ ትነዳለች። ከእሱ የተወለዱት ጊደሮች ሲደርሱም የሚያገኛቸው ያው ኮርማ ነው። አባትም አያትም ይሆናል። በዚህ ማንም ክፉ አላሰበም፤ መልካም ዘር እንዳይጠፋ ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባል የለ። ነገር ግን ዘር የሚስበው ወተቱንና ቁመናውን ብቻ አይደለም።

ዛሬ ልጽፍ ያሰብኩት ስለ እንስሳት አንጎል ኬሚስትሪ ነው፤ በተለይም ከወላጅ ወደ ልጅ እየወረዱ በሕዋስ ውስጥ ክምችት ስለሚያስከትሉ በሽታዎች። ወሬው ከኮርማ መጀመሩ አይግረማችሁ፤ ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የምሠራው በባሕር ዳር ዙሪያና በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ባሉ ቀበሌዎች ነው። እዚህ አካባቢ አንጎሉ የታመመ እንስሳ ማየት ብርቅ አይደለም። በጎች አዙሪት ይይዛቸዋል፤ በአንድ ወገን እየዞሩ፣ ራሳቸውን አዘንብለው፣ ግድግዳ ሲያገኙ ግንባራቸውን አስደግፈው ይቆማሉ። መነሻው የውሻ የኮሶ ትል ነው። ውሻው ከኩሱ ጋር የጣለውን እንቁላል በጉ ከሣር ጋር ይበላዋል፣ እጩ በአንጎሉ ውስጥ ውኃ ያዘለ ከረጢት ሆኖ ያድጋል፣ በጉ ሲታረድ ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል፣ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል። የእብድ ውሻ በሽታም አለ። የሚንቀጠቀጥ፣ የሚወድቅ፣ የሚዞር እንስሳ ሲያጋጥመን አስቀድመን የምናስበው እነዚህን ነው፤ ትክክልም ነው። ከተወለደ ጀምሮ የሚንቀጠቀጥ ጥጃ ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

አንዱን ጥጃ አልረሳውም። ከጉማራ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነበር። አራት እግሩን አስፍቶ ቆሟል። ጭንቅላቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ተኝቶ ሳለ ጸጥ ያለው መንቀጥቀጥ ሲነሣ ይጀምረዋል፤ ወደ ጡት በቀረበ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል፤ ጡቱን ሊይዝ ሲል አፉ ያልፈዋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያልፈዋል። ባለቤቲቱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት፣ መዳፋቸውን ከአገጩ ሥር አድርገው ጭንቅላቱን አጽንተው ያዙለትና ያን ጊዜ ጠባ። እስኪጠግብ ድረስ እንዲያ ጎንበስ ብለው ቆዩ።

«ልጄ፣ ዐይን ነው ይላሉ» አሉኝ።

«እናቴ፣ አባቱ የትኛው ኮርማ ነው?»

«ያው የነእንትና ኮርማ ነዋ።»

«የላሟስ አባት?»

ትንሽ አሰቡ። «እሷም የሱው ልጅ ናት።»

ይህቺው ላም ከዚያ በፊትም እንዲህ ያለ ጥጃ ወልዳ ነበር። ሰፈሩ ግን ያወራ የነበረው ስለ ኮርማው ሳይሆን ስለ ሴትዮዋ ነበር። ያ ጥጃ የክምችት በሽታ ነበረበት ብዬ አልጽፍም። በእናት ማኅፀን ሳለ የሚይዝ ቫይረስም የጥጃን የኋላ አንጎል አቀጭጮ እንዲሁ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ከሁለት አጭር ጥያቄ በኋላ ግን የወሬው መልክ ሲለወጥ አየሁ። ዐይን የሚባለው ነገር ወደ ኋላ አለ፤ ዘር ወደ ፊት መጣ።

አሁን ወደ ሕዋሱ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1955 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቤልጂጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ በአይጥ ጉበት ላይ ሲሠራ በሕዋስ ውስጥ ያለች፣ በስስ ሽፋን የታጠረች ትንሽ ከረጢት አገኘና ላይሶሶም አላት። በ1974 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል ተሸልሟል። የላይሶሶም ውስጧ አሲድ ነው፤ ወደ 60 የሚሆኑ ኢንዛይሞች፣ ማለትም ነገር የሚሰባብሩ ፕሮቲኖች፣ ይዛለች። ያረጀ ፕሮቲን፣ ያረጀ ስብ፣ ያረጀ የስኳር ሰንሰለት ሁሉ ወደዚያ ይገባል፤ ተሰባብሮም ጥቅም ላይ ይውላል።

የሚሰባበረው ግን በዘፈቀደ አይደለም። ሹሩባ ሲፈታ ከጫፉ እንደሚጀመር፣ ጫፉ ሳይፈታም ወደ ላይ መድረስ እንደማይቻል፣ የስኳሩም ሰንሰለት ከጫፉ አንድ በአንድ ነው የሚነቀለው። እያንዳንዱን ዓይነት የሚነቅለው የራሱ ኢንዛይም ነው። አልፋ-ማኖሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ማኖዝ የተባለውን ስኳር ይነቅላል። እሱ ከጎደለ ከሱ ቀጥሎ ያሉት ኢንዛይሞች ሁሉ ጤነኛ ሆነው ሳለ ተራቸው አይደርስም። ሰንሰለቱ ሳይፈታ ይቀራል፣ ላይሶሶሟ ታብጣለች፣ ሕዋሱ በአጉሊ መነጽር ሲታይ አረፋ የሞላበት ይመስላል። አልፋ-ማኖሲዶሲስ የሚባለውን ይህን በሽታ በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው ስዊድናዊው ኦከርማን ነው፤ በ1967።

ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ አንገስ የሚባሉት ጥቁር የሥጋ ከብቶች ጥጆች ራሳቸውን ይነቀንቁ፣ ሲራመዱ ይንገዳገዱ፣ ሲነኳቸው ይቆጡ፣ ሳያድጉም ይሞቱ ነበር። በማሲ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የእንስሳት ሐኪም ሮበርት ጆሊና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጎደለው ኢንዛይም ያው አልፋ-ማኖሲዴዝ መሆኑን አሳዩ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። በሽታው የሚታየው የተበላሸው ዘረመል ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ብቻ ነው። አንዱን ብቻ የያዘ ከብት ጤነኛ ነው፤ ያርሳል፣ ይታለባል፣ ይወፍራል፣ ኮርማ ሆኖም ሊሸለም ይችላል። በደሙ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ግን ከጤነኛው በግማሽ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ኮርማውን በዐይን ማወቅ ባይቻልም በደም ማወቅ ይቻላል። ለመራቢያ የሚሸጡ አንገሶችን ደም በብዛት መረመሩ፣ ተሸካሚዎቹን ከርቢ አወጡ፣ በሽታውም ከመንጋው ሊጠፋ ምንም ያህል አልቀረውም። ያለ መድኃኒት፣ ያለ ክትባት፣ በደም ናሙናና በዘር መዝገብ ብቻ።

አንድ ተሸካሚ ኮርማ ከአንዲት ተሸካሚ ላም ጋር ሲገናኝ ከአራት ጥጃ አንዱ ሊታመም ይችላል። የታመመው ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ሦስቱ ጤነኞች ያስረሱታል። በሽታው በየመንደሩ ለዘመናት ተደብቆ ሊኖር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ያው በሽታ ያለ ዘር ስሕተትም ሊመጣ መቻሉ ደግሞ ሌላ አስገራሚ ነገር ነው። በአውስትራሊያ ስዋይንሶና የሚባል አበባማ ተክል አለ፤ እሱን የበሉ በጎችና ከብቶች ይንገዳገዳሉ፣ ይበረግጋሉ፣ ይከሳሉ። የአሜሪካ ምዕራብ ፈረስ አርቢዎችም ከብትና ፈረስ የሚያሳብዱ የራሳቸው ተክሎች አሏቸው። በ1979 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከተክሉ ውስጥ ስዋይንሶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ ሥራውም አልፋ-ማኖሲዴዝን ማገድ ነው። በጉ ዘረመሉ ሙሉ ነው፣ ኢንዛይሙም አለው፤ ተክሉ ግን ኢንዛይሙን ያስርበታል፣ አንጎሉም ያው አረፋ ይሞላል። ቶሎ ከግጦሹ ካወጡት እብጠቱ ይጎድላል፤ የጠፋው ነርቭ ግን አይመለስም።

የደንቢያና የፎገራ ሰው ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጓያን ያውቃልና። ድርቅ ሲሆን ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ጓያ ይበቅላል፤ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይያዛል፣ በዱላ ይሄዳል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በዚሁ አካባቢ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም በኋላ በስፋት አጥንተውታል። የጓያ መርዝ ላይሶሶምን አይነካም፤ በነርቮች መካከል መልእክት የሚያደርሰውን ግሉታሜት መስሎ ገብቶ ነርቩን ከልክ በላይ እያነቃቃ ይጎዳዋል። መንገዱ ሌላ ነው። ነገር ግን አፍ የገባ ተክል ነርቭ ድረስ ሊሄድ እንደሚችል የጣና ዳር ገበሬ ከማንም በፊት ዋጋ ከፍሎ ያወቀው ነው።

ለምን አንጎል? ላይሶሶም በሁሉም ሕዋስ ውስጥ አለ፤ ጉበትም፣ አጥንትም፣ ጣፊያም ይጎዳሉ። ግን የቆዳና የአንጀት ሕዋስ ያረጃል፣ ይተካል። ኒውሮን የሚባለው የነርቭ ሕዋስ ግን አይተካም። ጥጃው ሲወለድ የነበረው ኒውሮን ያው እስከ ሞቱ ድረስ አብሮት ይኖራል፣ የተጠራቀመውም ሁሉ በእሱው ውስጥ ይከማቻል።

ኒውሮኑ ግን አብጦ ብቻ አይቀመጥም። ይህን ክፍል ሳነብ ነው ጉዳዩ የያዘኝ። በ1976 ፑርፑራና ሱዙኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በክምችት በሽታ የተያዙ ሕፃናትን አንጎል ሲመለከቱ ኒውሮኖቹ ማደግ በማይገባቸው ቦታ አዲስ ቅርንጫፍ አብቅለው አገኟቸው። ጤነኛ ኒውሮን መልእክት የሚቀበልባቸውን ቅርንጫፎች የሚያበቅለው አንጎል ገና ሲሠራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ ምዕራፍ ይዘጋል። በእነዚህ በሽታዎች ግን እንደገና ይከፈታል። ስቲቨን ዎክሊ ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ተከታትሎ ጂኤም2 ጋንግሊዮሳይድ ከሚባል ስብ ጋር አገናኘው። ይህ ስብ በጤነኛ አንጎል ውስጥ ከፍ የሚለው ቅርንጫፎቹ በሚያቆጠቁጡበት በለጋው ዕድሜ ነው፤ ከዚያ ይወርዳል። በበሽታው ጊዜ ይመለሳል፤ የጎደለው ኢንዛይም ከዚህ ስብ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት በሌለው በአልፋ-ማኖሲዶሲስ እንኳ። አንድ ስኳር ስላልተነቀለ የአንጎል ሥሪት ራሱ ይዛባል። በሌላ በኩል ጋባ የሚባለውን የነርቭን ግለት የሚያበርድ ኬሚካል የሚለቁት ነርቮች ረጅሙ ክራቸው ላይ እያበጡ ይበላሻሉ፤ ተመራማሪዎች የእንስሳቱን መንገዳገድና መንቀጥቀጥ በብርቱ የሚያያይዙት ከዚህ ጋር ነው። አዲስ ቅርንጫፍ በማይገባው ቦታ፣ ማብረጃው ደግሞ እየደከመ። ያ ጥጃ ጡቱን ሲስት ያየሁት መንቀጥቀጥ መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ ከዚያ በኋላ የሚንቀጠቀጥ እንስሳ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ይህ የኬሚካል ሚዛን ነው።

እንስሳት በዚህ ታሪክ ውስጥ የሰው ምትክ ብቻ ሆነው አልቀረቡም፤ አንዳንዴም ቀድመዋል። ቤታ-ማኖሲዶሲስ የሚባለው በሽታ በኑቢያን ፍየሎች ላይ ኢንዛይሙ ተለይቶ የታወቀው በ1981 ነው፤ ግልገሎቹ ሲወለዱ መቆም አይችሉም፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ የነርቫቸው ሽፋንም ሳይሟላ ይቀራል። ይህ በሽታ ያለበት ሰው የተገለጸው ከዚያ በኋላ፣ በ1986 ነው። ፍየሏ ባትታወቅ ኖሮ ልጁን ምን ብሎ መጠርጠር ይቻል ነበር?

ሕክምናውም በእነሱ በኩል መጣ። ኤሊዛቤት ኑፌልድና ባልደረቦቿ በ1968 የሁለት የተለያዩ በሽተኞችን የቆዳ ሕዋስ በአንድ ሳህን ላይ ቢያሳድጉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሲሞላለት አዩ፤ ኢንዛይም ከአንዱ ሕዋስ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል ማለት ነው። ተስፋው ከዚያ ተወለደ። አንጎል ግን በደም ውስጥ የተሰጠን ኢንዛይም አያስገባም፤ የደም ሥሮቹ ግርዶሽ ያግደዋል። በ1994 ዎክሊና ባልደረቦቹ አልፋ-ማኖሲዶሲስ ላለባቸው ድመቶች ከጤነኛ ድመት መቅኔ ሰጧቸው። ከመቅኔው የተወለዱት ሕዋሳት አንጎል ውስጥ ገብተው ሰፈሩ፣ ኢንዛይሙን እዚያው አካፈሉ፣ በኒውሮኖቹ ውስጥ የነበረውም ክምችት ጠራ።

ከድመቶቹ በኋላ የውሻ ታሪክ ይመጣል። ዳክስሁንድ የሚባሉት ረጅም ወገብና አጭር እግር ያላቸው ውሾች ውስጥ ቲፒፒ1 የተባለው ኢንዛይም የሚጎድላቸው ቡችሎች ነበሩ። ሲወለዱ ጤነኞች ናቸው፤ ትንሽ ቆይተው ዐይናቸው ይጠፋል፣ ይንገዳገዳሉ፣ ይወድቃሉ። ያው በሽታ ሕፃናትን ይይዛል፤ ሲሄድና ሲናገር የነበረ ልጅ መሄዱንም መናገሩንም ያጣል። በእነዚህ ውሾች ላይ ኢንዛይሙ በደም ሳይሆን በቀጥታ በአንጎልና በአከርካሪ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ሲሰጥ በሽታው ዘገየ። በ2017 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያንኑ ለሕፃናት ፈቀደ። በየሁለት ሳምንቱ፣ ከራስ ቆዳ ሥር በተቀበረ መሣሪያ በኩል፣ በአንጎል ውስጥ ይሰጣል። አያድንም፤ የእግር ጉዞ መጥፋትን ያዘገያል። የልጁን እርምጃ ለአንድ ዓመት የሚያቆይ ነገር ለእናት ትንሽ አይደለም።

እነዚህን እንስሳት ሳስብ ልቤ ይከብዳል። ታምመው እንዲወለዱ ሆን ተብሎ ይረባሉ፣ በእንክብካቤ ያድጋሉ፣ ይመረመራሉ፣ ይሞታሉ። ሙያዬ እንስሳን ማዳን ነውና በቀላሉ የማልፈው ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ሥራው መሠራት የነበረበት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ካልቀረ ደግሞ እያንዳንዱ እንስሳ በሚገባ መታየት አለበት፤ ሳይታይ የተቀበረ ሥቃይ ለማንም አልጠቀመም።

የቴክሳስ የበግ አርቢዎችን የማደንቀው በዚህ ነው። ያዕቆብ በግ የሚባሉ፣ አንዳንዶቹ አራት ቀንድ ያላቸው በጎች ነበሯቸው። ግልገሎች እየተንገዳገዱ ሲወድቁባቸው የመንጋቸውን ስም ለመጠበቅ ብለው አልደበቁም፤ ለሐኪሞች አሳዩ። በ2010 ይፋ በሆነው ጥናት በሽታው ቴይ-ሳክስ ሆኖ ተገኘ፤ በሰው ልጆች ላይ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የሚታወቀው ገዳይ የሕፃናት በሽታ። በበጎቹ ላይ የተሞከረው የዘረመል ሕክምና መንገድ ከፍቶ በ2022 በሁለት ሕፃናት ላይ የተሰጠው ሕክምና ውጤት ታተመ።

እኛ ዘንድስ? የሚንቀጠቀጥ ጥጃ የቤት ነውር ነው። ቶሎ ይታረዳል ወይም ማታ ገደል ይጣላል። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናትም እንዲሁ ስንት ነገር ትሰማለች፤ ጸበል ትወስደዋለች፣ እየጸለየች ትቆያለች፣ ያ ይሁን፤ ግን «ምን አድርገሽ ነው?» የሚላት ሰው አይጠፋም። ምንም አላደረገችም። እሷም ባሏም ጤነኞች ሆነው አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ተሸክመዋል፤ በሰባት ቤት ባይገናኙም እንኳ ሊሆን ይችላል፤ ሰባቱ ቤት ዕድሉን ያጠባል እንጂ አይዘጋውም።

በከብቱ በኩል ግን ልናደርግ የምንችለው ብዙ ነው። አንደኛው የቆየ ጥበብ ነው፤ ኮርማ መለዋወጥ። በአንድ መንደር ያደገ ኮርማ ልጆቹ ሳይደርሱ ወደ ሌላ መንደር ይሂድ። የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል የፎገራን ከብት ዘር ይዞ የሚያጠናና የሚያሻሽል ተቋም ስለሆነ ገበሬው የዘር መዝገብ ምን እንደሚጠቅም እዚያ ሄዶ በዐይኑ ማየት ይችላል። ሁለተኛው የሰው ሠራሽ ማዳቀልን ይመለከታል። ብዙ ሰው ዘሩ ከሩቅ የመጣ ስለሆነ ችግር የለውም ይላል። ኦስቦርንዴል አይቫንሆ የሚባል የሆልስታይን ኮርማ ነበር፤ የሱና የልጆቹ የዘር ፈሳሽ በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ፣ ከእሱም ጋር ነጭ የደም ሕዋሳት ሥራቸውን እንዳይሠሩ የሚያደርግ በሽታ ተሠራጨ። የክምችት በሽታ አልነበረም፤ የመውረሻው ሕግ ግን ያው ነው። ስሕተቱ በ1992 በዘረመል ደረጃ ከታወቀ በኋላ ኮርማዎችን መርምሮ መለየት ተቻለ። ስለዚህ አዳቃዩ ሲመጣ «የየትኛው ኮርማ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የኮርማውንም ቁጥር ጻፉት፤ የሚቀጥለው ጊደር ስትደርስ ያው ቁጥር እንዳይደገምባት።

ከተወለደ ጀምሮ የሚንቀጠቀጥ፣ የማይቆም ወይም ራሱን የሚያወዛውዝ ጥጃ፣ ግልገል ወይም ጠቦት ከገጠማችሁ ከመጣላችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ጣቢያ ጥሩ። ከሞተም ጭንቅላቱን በባዶ እጅ አትክፈቱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና ለባለሙያ ተዉት። ባለሙያ ከሆናችሁ አንጎሉን ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹን ፎርማሊን ውስጥ፣ ግማሹን በረዶ ውስጥ። ፎርማሊን ቅርጹን ይጠብቃል፣ ኢንዛይሙን ግን ይገድላል፤ ፎርማሊን ብቻ ካለን የሕዋሱን አረፋ እናያለን እንጂ የትኛው ኢንዛይም እንደጎደለ አንለካም። ባሕር ዳር ላይ በረዶ ችግር አይደለም፤ ዓሣ ነጋዴዎቹ ዘንድ ይገኛል፣ እኔም ሣጥኔን የምሞላው ከእነሱ ነው። ከላሟና ከኮርማው ደምም ውሰዱ፤ ጥጃው ቢያመልጣችሁም እነሱ አሉ፣ ግማሽ የወረደው ኢንዛይም እነሱ ደም ውስጥ ነው የሚለካው። በማስታወሻው ላይ የጥጃውን እናት፣ አባቱን፣ የእናቱንም አባት ጻፉ።